በጀርባ ቦርሳና በጋራ ኪስ፦ አራት የአውሮፓ ከተሞችን ከጓደኛ ጋር በቁጠባ ለማየት

አውሮፓን በትንሽ ገንዘብ ለማየት ያሰባችሁ ሁለት ጓደኛሞች ከሆናችሁ፣ ፓሪስን፣ ሮምንና አምስተርዳምን በአንድ ጉዞ ለማዳረስ አትሞክሩ። ገንዘቡን የሚጨርሰው በከተማና በከተማ መካከል ያለው መንገድ ነው። ተቀራርበው የተቀመጡ፣ ባቡር የሚያገናኛቸውን ከተሞች ምረጡ። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ከቪየና ተነስቶ በብራቲስላቫ፣ በቡዳፔስትና በፕራግ ዞሮ እንደገና ቪየና የሚገባውን መስመር ነው። ከቪየና ብራቲስላቫ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ ቡዳፔስት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከቡዳፔስት ፕራግ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ከፕራግ ቪየና ደግሞ አራት ሰዓት ያህል። ጉዞው በተጀመረበት ስለሚያልቅ የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬት ይበቃችኋል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ቪየና ይበራል።

ሌሊቶቹን እንዲህ አከፋፍሏቸው፦ ቪየና ሁለት፣ ብራቲስላቫ አንድ፣ ቡዳፔስት አምስት፣ ፕራግ ሦስት፣ ከመመለሻው በፊት ቪየና አንድ። ቡዳፔስት የበዛችው ከአራቱ ኪስ የምታሳርፈው እሷ ስለሆነች ነው። ወቅቱ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ወይም መስከረም ቢሆን ጥሩ ነው። በሐምሌና በነሐሴ አልጋው ሁሉ ይወደዳል፣ ሙቀቱም ከባድ ነው።

መጀመሪያ፦ ትኬት ሳይቆረጥ ስለ ገንዘብ ተነጋገሩ

የጉዞ ጓደኝነት የሚበላሸው ሳይነገር በቀረ ሒሳብ ነው። እኛ ደግሞ ስለ ገንዘብ አፍ አውጥቶ መናገር ይከብደናል። አንዱ «ዛሬ እኔ ልጋብዝ» ይላል፤ ሌላው «ኧረ በፍጹም! ትናንትም አንተ ነህ የከፈልከው» ብሎ እጁን ይይዘዋል። በሦስተኛው ቀን የሁለቱም ኪስ ሳስቶ፣ ሁለቱም ይሉኝታ ይዟቸው፣ ሁለቱም ያልፈለጉት ምግብ ቤት ይገባሉ። አገር ቤት የሚያምርብን መጋበዝ፣ በቀን የተቆረጠ ዩሮ ይዞ በሚኬድበት መንገድ ላይ ጓደኛን ማስጨነቅ ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ቀን ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ። እያንዳንዳችሁ በየወረቀታችሁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ሳልበደር ላወጣው የምችለው ጠቅላላ ገንዘብ፣ በየከተማው ሳላየው መመለስ የማልፈልገው አንድ ነገር፣ ጠዋት የምነሳበት ሰዓት። ከዚያ ወረቀት ተለዋወጡ። ከሁለቱ የገንዘብ ቁጥሮች ያነሰው የሁለታችሁም በጀት ይሁን። የተሻለ ያለው ሰው ተጨማሪ ቢያሰኘው ለብቻው ያወጣል እንጂ ሌላውን አይጎትትም።

ቀጥሎ የጋራ ኪስ አቋቁሙ። ሁለታችሁም እኩል፣ ለምሳሌ መቶ መቶ ዩሮ፣ አንድ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ታስገባላችሁ። አልጋ፣ ከሱፐርማርኬት የሚገዛ ምግብና የከተማ ትራንስፖርት ከዚያ ይከፈላል። መጠጥ፣ ልብስ፣ ስጦታና የየግል ፍላጎት ከየራስ ኪስ። ሲያልቅ እኩል ትሞላላችሁ። አንዱ ገንዘቡን ይያዝ፣ ሌላው ይጻፍ፤ በካርድ የተከፈለውን ለመመዝገብ ትራይካውንት ወይም ስፕሊትዋይዝ የሚባሉት የስልክ መተግበሪያዎች ያግዟችኋል። የትኛው ወጪ የጋራ፣ የትኛው የግል እንደሆነ መንገድ ላይ ሳይሆን አሁኑኑ ወስኑ።

ስንት ይበቃል ለሚለው፣ ማደሪያን ጨምሮ፣ የከተማ ለከተማ ባቡሩን ሳይጨምር፣ ለአንድ ሰው በቀን ከ60 እስከ 70 ዩሮ ያዙ እላለሁ። ቪየና ከዚህ ታልፋለች፣ ቡዳፔስት ትክሰዋለች።

ሁለተኛ፦ ቪዛ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ አራቱም አገሮች ሸንገን ውስጥ ስላሉ አንድ ቪዛ ይበቃል። የአዋቂ ክፍያው በአውሮፓውያን ከሰኔ 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ መግባት ይችላል፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ግን ከ15 ቀን በፊት መግባት አለበት። እስከ መጨረሻው ቀን አትጠብቁ፤ የቀጠሮ ወረፋው ራሱ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ግዴታ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የትኛው አገር ዘንድ እንደሚያመለክት ነው። ደንቡ ብዙ ሌሊት የምታድሩበት አገር ይላል፤ እኩል ከሆነ መጀመሪያ የምትገቡበት። ከላይ ባስቀመጥኩት ዕቅድ የምታርፉት ቪየና ቢሆንም ሃንጋሪ አምስት ሌሊት ስላላችሁ የምታመለክቱት ለሃንጋሪ ነው። የሆቴል ማስያዣችሁም ይህንኑ ማሳየት አለበት፤ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ማስያዣ ተጠቀሙ፣ የማይመለስ ትኬትም ቪዛው ሳይመታ አትግዙ።

አሁን ከባዱ ነገር። ማመልከቻው የየግል ነውና አንዳችሁ ተፈቅዶላችሁ ሌላችሁ ልትከለከሉ ትችላላችሁ። ይህን ሳታመለክቱ በፊት ተነጋገሩበት፦ አንዱ ቢቀር ሌላው ይሄዳል? እኔ «ይሂድ» እላለሁ፤ ቅር መሰኘት እንዳይኖር ግን ቃሉ አስቀድሞ መሰጠት አለበት። የተከለከለው ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠዋል፣ ይግባኝ የማለትም መብት አለው።

በሌላ ሸንገን አገር፣ ጀርመንም በሉት ጣሊያን ወይም ስዊድን፣ የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ቪዛ አያስፈልጋችሁም፤ ፓስፖርትና የፈቃድ ካርዱን ይዛችሁ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መዘዋወር ትችላላችሁ። እንግሊዝ አገር የምትኖሩና የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ግን የእንግሊዝ ፈቃድ ሸንገን አያስገባችሁም። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትነሱ እዚያው ከምትኖሩበት አገር ታመለክታላችሁ። የአሜሪካና የእስራኤል ፓስፖርት ያላችሁ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አትጠየቁም።

ሦስተኛ፦ ባቡሩ

በዚህ መስመር ላይ አውሮፕላን አያስፈልግም። ርካሽ የሚባለው በረራ የቦርሳ ክፍያ፣ ወደ አየር ማረፊያ የሚወስደው አውቶቡስና የሚባክነው ግማሽ ቀን ሲደመርበት ርካሽነቱ ያልቃል። ባቡሩ ከከተማ መሃል አንስቶ ከተማ መሃል ያወርዳችኋል፣ ቦርሳችሁንም ማንም አይመዝነውም።

ትኬቱን ከራሳቸው ከባቡር ድርጅቶቹ ግዙ፦ የኦስትሪያው ኦቤቤ፣ የሃንጋሪው ማቭ፣ የቼኩ ቼስኬ ድራሂ። በአንዳንዱ መስመር ሬጂዮጄት የሚባለው ቢጫ ባቡርና የፍሊክስባስ አውቶቡስም አሉ፤ ዋጋ አወዳድሩ። ቀደም ብሎ የተገዛ ትኬት በዕለቱ ከሚገዛው በብዙ ያንሳል። ርካሹ ትኬት ግን ለዚያ ባቡር ብቻ ነው፤ ካመለጣችሁ አለቀ።

ትኬትና መቀመጫ በብዙዎቹ ባቡሮች ላይ ለየብቻ ይሸጣሉ። መቀመጫ ካልያዛችሁ ከወንበሩ በላይ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ ወይም ወረቀት ተመልከቱ፤ የሁለት ከተማ ስም ከተጻፈባት ወንበሩ በእነዚያ ከተሞች መካከል የሌላ ሰው ነው። የጣቢያውንም ስም ሳታነቡ አትውጡ። ቡዳፔስት ኬሌቲ፣ ኙጋቲና ዴሊ የሚባሉ ሦስት ትልልቅ ጣቢያዎች አሏት፤ አንዱ ከሌላው ሩቅ ነው።

ከቡዳፔስት ወደ ፕራግ ስትሄዱ በስተግራ በኩል ባለው መስኮት ተቀመጡ። ባቡሩ ከከተማው እንደወጣ ዳኑብ ወንዝን ተከትሎ ይታጠፋል፤ ናጅማሮሽ ላይ ስትደርሱ ከወንዙ ማዶ፣ ተራራው አናት ላይ፣ የቪሼግራድ ምሽግ ይታያችኋል። ሰዎች በጀልባ ከፍለው የሚያዩትን ቦታ በትኬታችሁ ታዩታላችሁ።

ሌላው ሰዓት ነው። ትኬት ላይ 14:40 የተባለው በእኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ ነው። አንዱ «ሁለት ሰዓት ጣቢያው በር ላይ» ሲል ጠዋት ማለቱ ከሆነ፣ ሌላው በስልኩ ሰዓት አስቦ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ባቡሩ ግን አይጠብቅም። ቪየና ከረገጣችሁበት ቀን ጀምሮ በመካከላችሁም ቢሆን በትኬቱ አቆጣጠር ብቻ ተነጋገሩ።

ፓስፖርታችሁ ከላይ በተሰቀለው ቦርሳ ሳይሆን በኪሳችሁ ይሁን። በአገሮቹ መካከል ቋሚ ፍተሻ ባይኖርም ፖሊስ ባቡር ውስጥ ገብቶ መታወቂያ ይጠይቃል። ከሙሉው ፉርጎ ጥቁሮቹ ብቻ የሚጠየቁበት ጊዜ አለ፣ ያበሳጫል፣ ትክክልም አይደለም። ቢሆንም ሰነዱን ወዲያው አውጥቶ ማሳየት ነገሩን ያሳጥረዋል።

አራተኛ፦ ማደሪያ

ሆስቴል ማለት ብዙ ተደራራቢ አልጋ ያለበት የጋራ ክፍል ነው፤ በአልጋ ይከፈላል። ሁለት ስለሆናችሁ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር አወዳድሩ፦ የሁለት አልጋ ድምርና የአንድ ባለሁለት ሰው ክፍል ዋጋ። በተለይ ቡዳፔስት ልዩነቱ ትንሽ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፣ እንቅልፍ ደግሞ ለነገው ጉዞ ስንቅ ነው። የሴቶች ብቻ ክፍል ያላቸው ሆስቴሎችም ብዙ ናቸው።

ሆስቴል ስትመርጡ ከውበቱ ይልቅ ኩሽናውን እዩ። ምድጃ፣ ድስትና ማቀዝቀዣ ያለው ሆስቴል ጥቂት ዩሮ ቢጨምርም በራት ይመልሰዋል። የዕቃ ሣጥኑን የምትቆልፉበት ጓጉንቸር ከቤት ያዙ፤ እዚያ ሲገዛ ውድ ነው። ፎጣና ነጠላ ጫማም አትርሱ። ክፍሉን ረፋድ ላይ ብትለቁም ቦርሳችሁን እስከ ማታ ያስቀምጡላችኋል፣ ብቻ ጠይቁ።

ዘመድ ቤት ስለማደር ደግሞ ትንሽ ልቆይበት። ቪየና ወይም ሌላ ከተማ የአክስት ልጅ ወይም የሰፈር ልጅ ያላችሁ ትኖራላችሁ፤ «እኔ እያለሁ ሆቴል?» መባሉም አይቀርም። ጥሩ ነው፣ ግን የአውሮፓን ኑሮ አስባችሁ ተቀበሉ። ሰውየው በፈረቃ የሚሠራ፣ ምናልባትም ሌሊት ገብቶ ቀን የሚተኛ፣ በአንድ ክፍል ቤት የሚኖር ሊሆን ይችላል። ጓደኛ ይዛችሁ እንደምትመጡ ቀድማችሁ ንገሩት፤ በር ላይ ሁለት ሆኖ መገኘት ነውር ነው። የምትገቡበትንና የምትወጡበትን ቀን ቁረጡ፣ ከሁለት ሌሊት አትለፉ፣ ሥራ ፈቃድ ወስዶ እንዲያስጎበኛችሁ አትጠብቁ። ከአስቤዛው ግዙ። ባዶ እጃችሁንም አትሂዱ፦ የተቆላ ቡና፣ በርበሬ፣ ሽሮ። ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ ግን ተዉ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ጉምሩክ ላይ ይወሰድባችኋል።

አምስተኛ፦ ቦርሳ

አርባ ሊትር የሚይዝ የጀርባ ቦርሳ ለአንድ ሰው ይበቃል። ደረጃ ላይ ተሸክማችሁ ስትሮጡ ታመሰግኑኛላችሁ። ልብስ ለአምስት ቀን፣ መሃል ላይ ማጠብ። የሰፈር ሰው ጫማና ሽቶ አምጡልኝ ሲል «የእጅ ቦርሳ ብቻ ነው የያዝነው» በሉ፤ እውነት ነው።

ስድስተኛ፦ መብላት

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚተርፈው በምሳ ነው። በአራቱም ከተሞች የአገሩ ሰው ከሰኞ እስከ ዓርብ ምሳውን የሚበላው በቀን ሜኑ ነው። ቪየና ሚታግስሜኑ፣ ፕራግ ፖሌድኒ ሜኑ፣ ብራቲስላቫ ዴኔ ሜኑ፣ ቡዳፔስት ናፒ ሜኑ ይባላል። ሾርባና ዋና ምግብ በአንድ ላይ፣ ማታ ያው ምግብ ቤት ለዋናው ምግብ ብቻ ከሚያስከፍለው ባነሰ ዋጋ። ምልክቱም ቀላል ነው፦ በር ላይ በጠመኔ በአገሩ ቋንቋ ብቻ የተጻፈ ጥቁር ሰሌዳ፣ ፎቶግራፍ የሌለበት፣ ውስጡ የሥራ ልብስ የለበሱ ሰዎች የተቀመጡበት። ከጎብኚው አደባባይ ሁለት ሦስት መንገድ ራቅ በሉና ፈልጉት። ስምንት ሰዓት ላይ በእኛ አቆጣጠር ከመጣችሁ አብዛኛውን ጊዜ አልቋል።

ቁርስና ራት ከሱፐርማርኬት ይሁን፤ ሊድል፣ ሆፈር፣ ቢላ፣ ስፓር በየመንገዱ አሉ። ኦስትሪያ እሑድ ሱቆች ዝግ ናቸው፤ በትልልቅ የባቡር ጣቢያዎች ያሉት ብቻ ይከፈታሉ። ቅዳሜ ገዝታችሁ አስቀምጡ። ከቤት የያዛችሁት በሶና ዳቦ ቆሎ የባቡር ቀን ያድናችኋል።

ውሃ አትግዙ። የቪየና የቧንቧ ውሃ ከአልፕስ ተራሮች ምንጭ የሚመጣ ነው፤ የመጀመሪያው መስመር የተዘረጋው በ1873 ሲሆን እስካሁን ይሠራል። በሦስቱም ሌሎች ከተሞች ከቧንቧ መጠጣት ይቻላል። የታሸገ ነገር ከገዛችሁም ጠርሙሱን አትጣሉ፦ በኦስትሪያ ለፕላስቲክ ጠርሙስና ለጣሳ 25 ሳንቲም፣ በስሎቫኪያ 15 ሳንቲም፣ በሃንጋሪ 50 ፎሪንት ሱፐርማርኬት ያለው ማሽን ይመልስላችኋል።

የምትጾሙ ከሆነ «ቬጀቴሪያን» ብላችሁ አትዘዙ፤ እንቁላልና አይብ ይኖርበታል። ፕራግ ሥጋ የሌለው ምግብ ስትሉ የተጠበሰ አይብ ሊመጣላችሁ ይችላል። «ቪጋን» በሉ፣ በአራቱም ከተሞች ይገባቸዋል። ፈላፍል ቤት ባለበት ሁሉ ጾመኛ አይራብም። ሐላል የምትፈልጉም በቪየና ብዙ የቱርክ ምግብ ቤቶች ታገኛላችሁ፤ ከመግባታችሁ በፊት ምልክቱን አይታችሁ ጠይቁ።

ሰባተኛ፦ ምንዛሪ

ኦስትሪያና ስሎቫኪያ በዩሮ፣ ሃንጋሪ በፎሪንት፣ ቼክ በኮሩና ነው የሚገበያዩት። ካርድ ካላችሁ በአብዛኛው ቦታ በካርድ ክፈሉ። ማሽኑ «በራስዎ ገንዘብ ወይስ በአገሩ ገንዘብ?» ብሎ ከጠየቀ ሁልጊዜ የአገሩን ምረጡ፤ ሌላው ምርጫ በከፋ ተመን ያስቆርጣችኋል። ጥሬ ገንዘብ የምታወጡት ባንክ ግድግዳ ላይ ካለ ኤቲኤም ይሁን፤ በጎብኚ መንገድ ላይ ለብቻቸው የቆሙትን እለፉ።

ፕራግ ላይ «ኮሚሽን የለም» የሚል ትልቅ ጽሑፍ የሰቀለ ምንዛሪ ቤት ትርፉን በተመኑ ውስጥ ይደብቃል። ገንዘባችሁን ከመስጠታችሁ በፊት «ለ100 ዩሮ ስንት ኮሩና በእጄ ይገባል?» ብላችሁ በወረቀት አስጽፉ። ካዘናችሁም ከ2019 ጀምሮ ባለው የቼክ ሕግ እስከ 1,000 ዩሮ የሚደርስ ምንዛሪን በሦስት ሰዓት ውስጥ ደረሰኙን ይዛችሁ ተመልሳችሁ ማስፈረስ ትችላላችሁ።

ስምንተኛ፦ ከተማ ውስጥ

የትራም ወይም የሜትሮ ትኬት መግዛት ብቻውን አይበቃም፤ የወረቀቱን ትኬት መግቢያው ላይ ባለችው ትንሽ ማሽን ማስመታት አለባችሁ። ተቆጣጣሪዎቹ ብዙ ጊዜ ተራ ልብስ ለብሰው ነው የሚገቡት፣ «እንግዳ ነኝ» የሚለውን አይሰሙም። ቅጣቱ የብዙ ቀን ምሳችሁን ይበላል።

በየከተማው አንድ የሚከፈልበት ነገር ምረጡ፣ ሌላውን በነፃ እዩ። ቪየና እኔ የምከፍለው ለኩንስትሂስቶሪሼስ ሙዚየም ነው፤ በዓለም ትልቁ የፒተር ብሩጌል ሥዕሎች ስብስብ እዚያ አለ። በ1563 የሣለውን የባቢሎን ግንብ ቀርባችሁ ስታዩት ግንቡ ላይ ያሉት ሠራተኞች ከጥፍር ያነሱ፣ ግን እያንዳንዳቸው ሥራ ላይ ያሉ ናቸው። የሾንብሩን ቤተ መንግሥት የአትክልት ቦታ ነፃ ነው። ኦፔራ ማየት ከፈለጋችሁ በዕለቱ የሚሸጠው የቁም ትኬት ከመቀመጫው በብዙ ያንሳል።

ቡዳፔስት ላይ በ1913 በተከፈተው ሴቼኒ ፍልውሃ ግማሽ ቀን አሳልፉ፤ ከብዙ መንገድ በኋላ እግር የሚያርፍበት ነው። ከፓርላማው አጠገብ፣ ወንዙ ዳር፣ ስልሳ ጥንድ የብረት ጫማ ተደርድሯል፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እዚያው ተረሽነው ወደ ዳኑብ ለተጣሉ አይሁድ የቆመ መታሰቢያ ነው። የሴት ታኮ፣ የልጅ ጫማ አለበት። እዚያ ፎቶ ለመነሳት አትቀመጡ። ፕራግ ላይ የቻርልስን ድልድይ በንጋት ተሻገሩ፣ ከዚያ በኋላ ሕዝቡ አያስኬድም። የቤተ መንግሥቱን ግቢ በነፃ መዞር ይቻላል። ብራቲስላቫ በእግር በአንድ ቀን ያልቃል፤ ሰማያዊውን ቤተ ክርስቲያን ሳታዩ አትውጡ።

በየሦስት ቀኑ ደግሞ ለግማሽ ቀን ተለያዩ። አንዱ ሙዚየም፣ ሌላው ገበያ ይሂድ፤ የምትገናኙበትን ቦታና ሰዓት ጽፋችሁ። አሥራ ሁለት ሌሊት አብሮ ያደረ ሰው ለብቻው መተንፈስ ያስፈልገዋል፣ ማታ ስትገናኙም የምታወሩት አዲስ ነገር ይኖራችኋል። የፓስፖርታችሁን ቅጂ አንዱ የሌላውን ይያዝ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው።

ከየአገሩ ከመውጣታችሁ በፊት ሳንቲሙን ጨርሱ፤ ፎሪንትም ሆነ ኮሩና በሳንቲም መልክ ሌላ አገር የሚመነዝርላችሁ አታገኙም፤ ዳቦና ፍራፍሬ ግዙበት። በመጨረሻው የቪየና ምሽት የጋራ ኪሱን ጠረጴዛ ላይ አውጡና ሒሳቡን እዚያው ዝጉ፣ የተረፈውንም እኩል ተካፈሉ። «አገር ቤት እንተሳሰባለን» የተባለ ሒሳብ አይተሳሰብም።